ጣርማበርን ለመውጣት የስኩተር ካምቢዮ እንዴት ይስተካከላል?

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ያለኝ ባለ 125 ሲሲ ስኩተር ነው፤ ማርሽ የሌለው፣ በቺንጋ የሚሠራው ዓይነት። ብቻዬን ስሆን ሜዳ ላይ ደህና ይሄዳል። ባለቤቴን ጭኜ ደብረ ሲና ደርሼ ስመለስ ግን የጣርማበር ዳገት ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ብሰጠውም ያጉረመርማል እንጂ አይጎትትም። አዲስ አበባ ያለ አንድ መለዋወጫ ሻጭ ‹የውድድር ቫሪያተር፣ ጠንካራ ሞላና የኋላ ጥርስ አንድ ላይ ቀይርለት፣ ይበርልሃል› አለኝ። ልቀይር ወይ? ፍጥነቱስ ይጨምራል?»

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ገና አታውጣ። ከተባሉት ዕቃዎች ውስጥ የኋላ ጥርሱ፣ ማለትም ከኋላ ጎማው አጠገብ ያለው የማርሽ ጥርስ፣ ጭራሽ ይጎዳሃል፣ ጠንካራ ሞላውም አሁን አያስፈልግህም። ከቫሪያተሩም ቢሆን የሚቀየረው ሙሉው ዕቃ ሳይሆን ውስጡ ያሉት ስድስት ትናንሽ ሮለሮች ናቸው። እነሱንም ከመግዛትህ በፊት የምታየው ነገር አለ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንግባባ። ካምቢዮ፣ በአንተ ስኩተር ላይ ቫሪያተሩ፣ ቺንጋውና የኋላ ፑሌጃው ማለት ነው፣ ጉልበት አይፈጥርም። ሞተሩ የሠራውን ተቀብሎ ለጎማው ያደርሳል፤ መንገድ ላይም የራሱን ድርሻ ይበላል። ካምቢዮ ስናስተካክል የምናደርገው ሞተሩ በደንብ በሚጎትትበት ዙር ላይ እንዲቆይ መርዳት ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ይህን የያዘ ሰው ሻጭ በቀላሉ አያታልለውም።

ጉልበቱን የወሰደብህ ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 71 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሞተር የሚያገኘው አየር በቀነሰ ቁጥር ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ መመሪያው ላይ 9 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ስኩተር ከአንተ ግቢ ሲወጣ የያዘው 6.4 ያህል ነው። ጣርማበር ዋሻው ጋ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትደርስ፣ ከዚያም ያንሳል። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ላይ ስትወርድ ደግሞ ከ7 ተኩል ያልፋል። ቆላ የወረደ ስኩተር ሁሉ «ዛሬ ምን ነካው፣ እንዲህ የሚሮጠው!» የሚባለው በዚህ ነው።

አሁን ዳገቱን እናስላው። ስኩተሩ 110 ኪሎ፣ እናንተ ሁለታችሁ 130 ኪሎ ብትሆኑ ጠቅላላው 240 ኪሎ ነው። በየመቶ ሜትሩ 7 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ጎማው ላይ 2.7 ኪሎ ዋት ያህል ያስፈልጋል፤ ከዚህም 1.8ቱ የሚሄደው ክብደቱን ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ ነው። 6.4 የፈረስ ጉልበት ማለት 4.7 ኪሎ ዋት ነው። ቺንጋው፣ ፍሪሲዮኑና ጥርሱ ሩቡን ቢበሉት 3.5 ይተርፋል። እንግዲህ ለ40 ይበቃል ማለት ነው! ግን 4.7ቱ የሚገኘው ሞተሩ በደቂቃ 7,500 ዙር አካባቢ ሲሽከረከር ነው። ሞተሩ 5,500 ላይ ታንቆ ከቀረ የሚሰጥህ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነውና ፍጥነቱ 30 ላይ ይወርዳል። አንተ «ያጉረመርማል» ያልከው ይህንን ነው። አገላለጽህ ሕመሙን በትክክል ነግሮኛል።

ለምን ታነቀ? የፊቱ ፑሌጃ፣ ማለትም ቫሪያተሩ፣ ቺንጋውን በመካከላቸው የያዙ ሁለት ሰሐኖች ናቸው። ከአንዱ ሰሐን ጀርባ ስድስት ሮለሮች አሉ። ሞተሩ ሲሽከረከር ሮለሮቹ ወደ ውጭ ይወረወራሉ፤ ሲወረወሩ ሰሐኑን ይገፉታል፤ ክፍተቱ ሲጠብ ቺንጋው ወደ ጠርዝ ይወጣል። ከኋላ ያለው ፑሌጃ ደግሞ በሞላ ተጨንቆ ይህን ይቃወማል፤ ሲሸነፍ ይከፈትና ቺንጋው ወደ ውስጥ ይገባለታል። ሙሉ ጉዞው ሲነሳ ከ2.5 ለ1 ገደማ ጀምሮ እስከ 0.8 ለ1 ገደማ ይደርሳል። ሮለሩ ከከበደ ሰሐኑን በዝቅተኛ ዙር ላይ ይገፋዋል፤ ባለማርሽ ሞተር ላይ ሦስተኛ ገና ሳይጠግብ አራተኛ እንደማስገባት ነው። ሮለሩ ከቀለለ ግን ሰሐኑን ለመግፋት ከፍ ያለ ዙር ያስፈልገዋል። ፒያጆ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራው የጥንቱ ቬስፓ በእጅ የሚቀየር ማርሽ ስለነበረው ዳገት ላይ ነጂው ራሱ ይወስን ነበር። የአንተ ስኩተር ላይ የሚወስኑልህ ስድስቱ ሮለሮች ናቸው። ፋብሪካው ክብደታቸውን የመረጠው ደግሞ ለጣርማበር አይደለም፤ ዝቅ ላለ አገር፣ ነዳጅ ለመቆጠብና ጩኸት ለመቀነስ ነው።

ዕቃ ከመፍታትህ በፊት በካንዴላው ገመድ ላይ የሚጠመጠም የዙር ቆጣሪ አግኝ፤ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ግምትን ያስቀራል። ዳገቱ ላይ ነዳጁን ሙሉ ሰጥተህ ስትወጣ ቁጥሩን ባለቤትህ ከኋላ ታንብብልህ፤ አንተ ዓይንህን ከመንገዱ አታንሳ። ቁጥሩ ከ5,500 እስከ 6,000 ሆኖ የሚያጉረመርም ከሆነ ጥፋቱ ሮለር ላይ ነው፤ ወይ ከብዷል ወይ አልቋል። ቁጥሩ ከ7,000 በላይ ሆኖ ሞተሩ ይጮኻል፣ ስኩተሩ ግን አይሄድም፣ የተቃጠለ ጎማ ወይም የተቃጠለ ሸራ ይሸታል ከተባለ ቺንጋው ወይም ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው፤ ያኔ ሮለር ማቅለል በእሳት ላይ ቤንዚን ነው። ቁጥሩ 7,000 አካባቢ ሆኖ ምንም ሽታ ከሌለና ፍጥነቱም ያው 30 ከሆነስ? ያኔ ካምቢዮው ሥራውን ጨርሷል፤ የቀረው ሞተሩ ነው። የአየር ፊልትሮ፣ ካርብራቶር፣ የቫልቭ ክፍተት፣ የጎማ ንፋስ፣ ጎማውን ይዞ የሚሄድ የኋላ ፍሬን ፈትሽ። ይህን ሦስተኛውን ይዘው ወደ እኔ ከመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ቀድመው ሞላና ቫሪያተር የገዙ ናቸው። ያሳዝነኛል፤ የወር ደመወዝ ነው የሚሄደው።

እንግዲህ በስተግራ ያለውን ሽፋን ፍታው። ጥቁሩን አቧራ በኮምፕረሰር አትንፋው፤ ወደ ሳንባህ ነው የሚገባው፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። ሮለሮቹን አውጣና አንድ በአንድ መስታወት ላይ አንከባልላቸው። ያለቀ ሮለር አይንከባለልም፤ ጥቂት ይሄድና በጠፍጣፋው ጎኑ ዱብ ብሎ ይቆማል፣ ዳር ዳሩ እንዳለቀ ሳሙና። ይህ ጠፍጣፋ ቦታ ሰሐኑ መንሸራተት ሲገባው እንዲነቃቀፍ ያደርገዋል፤ ስኩተሩ ሲነሳ የሚንቀጠቀጥብህ ከሆነ ምክንያቱ አንዱ ይሄ ነው። ቺንጋውን በካሊፐር ለካው፤ አዲስ ሲሆን ወርዱ 20 ሚሊ ሜትር የነበረ ቺንጋ አንድ ተኩል ሚሊ ሜትር ከጠበበ ይጣል። የጎን ጥርሱን አጥፈህ እይ፤ ስንጥቅ ካለው ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ይበጠስብሃል። አራት ዓመት ያገለገለ ስኩተር ላይ ስድስት አዲስ ሮለርና አንድ አዲስ ቺንጋ በፋብሪካው ክብደት ልክ ገጥሜ ሰውየው «ምን ጨመርክበት?» ብሎኝ ያውቃል። ምንም አልጨመርኩም። ያለቀውን ነው የመለስኩት።

የቺንጋ ቁጥር ከላዩ ላይ ተጽፎ ታገኛለህ፤ ለምሳሌ 743-20-30 ማለት ርዝመቱ 743 ሚሊ ሜትር፣ ወርዱ 20፣ የጎኑ ማዕዘን 30 ዲግሪ ነው። ሻጩ «ይህም ይሠራል» ብሎ 842 ቢሰጥህ አይሠራም፣ ርዝመቱ የሌላ ስኩተር ነው።

አሁን ወደ ሮለር ክብደት። የአንተዎቹን ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን አትመን፤ ከስድስቱ ሁለቱን ይዘህ ገበያ ወርደህ ወርቅ ቤት አስመዝናቸው። ግራሙን እስከ ነጥብ ድረስ ይነግርሃል። 13 ግራም ወጡ እንበል። ሮለሩ የሚገፋበት ኃይል ከክብደቱ ጋር በቀጥታ፣ ከዙሩ ጋር ግን በካሬ ነው የሚሄደው። ስለዚህ በ13 ግራም 6,000 ዙር ላይ የሚቆም ሞተር በ11 ግራም 6,500 ላይ፣ በ10 ግራም 6,850 አካባቢ ይቆማል። ክብደቱን በ15 በመቶ ስታቀልል ዙሩ የሚጨምረው 8 በመቶ ብቻ ነው፤ በግማሽ ግራም ለውጥ ብዙ አትጠብቅ ማለት ነው። እኔ ለደብረ ብርሃን፣ ሁለት ሰው ለሚጭን፣ ዳገት ላይ 6,800 አካባቢ እንዲቆም ነው የማደርገው። ወደ 7,500 ጫፍ አልጠጋውም፤ ቺንጋው ይሞቃል፣ ነዳጁ ይጨምራል፣ ጩኸቱ ደግሞ ሜዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ራስ ያዞራል። ባለ 11 አንድ ስብስብ፣ ባለ 10 አንድ ስብስብ ግዛ። ባለ 10ሩ ከበዛብህ ሦስት ባለ 10 እና ሦስት ባለ 11 እያፈራረቅህ አስገባ፤ አንዱ ከባድ፣ ቀጣዩ ቀላል እየሆነ ይዙር። እንዲህ ሲሆን ሚዛኑ አይዛባም፣ 10 ተኩል ግራም ገዛህ ማለት ነው። ወርዱና ቁመቱ ግን ከበፊቶቹ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ብዙ ባለ 125 ስኩተር ላይ 18 በ14 ሚሊ ሜትር ነው፣ ያንተን ለክተህ ሂድ። ሮለሩ ላይ ግራሶ አትቀባ፣ መመሪያው በግልጽ ካላዘዘ በቀር፤ ግራሶው ወደ ቺንጋው ይፈናጠራል።

ስትገጥም የምነግርህን አንድ ነገር እባክህ አትርሳ፤ እኔ በሰው ንብረት ነው የተማርኩት። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ አስተማሪ ስኩተር ሮለር ቀይሬ ቺንጋውን ከፊት አስገባሁና ዳዶውን ጠበቅ አድርጌ ሰጠሁት። ጠበቀ ብዬ ነበር። ቺንጋው ከኋላ ፑሌጃ ውስጥ ወደ ታች ስላልገባ ከፊት ተወጥሮ በሁለቱ ሰሐኖች መካከል ተቆንጥጦ ነበር፤ ዳዶው የጠበቀው ቺንጋውን እንጂ ፑሌጃውን አልነበረም። ጉዶ በረት ሳይደርስ ዳዶው ላልቶ የክራንክ ሻፍቱን ጥርስ ልጦት ተመለሰ፣ በጭነት መኪና ተጭኖ። ክራንኩን ከኪሴ ገዝቼ ሠራሁለት፤ እሱ ምንም አላለኝም፣ ያ ዝምታው እስከ ዛሬ ከእጄ ጋር አለ። ስለዚህ የኋላውን ፑሌጃ በሁለት እጅህ ጨምቀህ ክፈተውና ቺንጋውን ወደ ውስጥ አስጠልቀው፤ ከፊት ያለው ክፍል እስኪላላ ድረስ። ከዚያ የፊቱን ሰሐን ስትገጥም ሰሐኑ ከማዕከላዊው ቡሽ ጋር ብረት ለብረት መገናኘቱን በዓይንህ አረጋግጥ። ከጠበቀ በኋላ ፑሌጃውን በእጅህ ብታዞር ቺንጋው እንደላላ መሽከርከር አለበት። ፑሌጃውን ለመያዝ የማቀዝቀዣውን ክንፍ በካቻቪቴ አትደግፍ፤ ይሰበራል። መያዣ ቁልፍ ተዋስ።

ከመግጠምህ በፊት በማርከር አንድ መስመር ከፊቱ ፑሌጃ እምብርት እስከ ጠርዙ ድረስ ሰሐኑ ላይ አስምር። ከዚያ ሁለታችሁም ሆናችሁ ዳገቱን ውጡ፤ ስትመለሱ ሜዳ ላይ እስከሚችለው ድረስ ንዳው፤ ከዚያ ክፈተው። ቺንጋው የደረሰበት ቦታ ሁሉ ማርከሩ ተፍቋል። መስመሩ እስከ ጠርዙ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀረው ድረስ ከተፋቀ ካምቢዮው ሙሉ ጉዞውን እየተጠቀመ ነው፤ ፍጥነት አልጠፋብህም። ሲሶው ሳይነካ ከቀረ ሮለሩ ከልክ በላይ ቀሏል፤ ግማሽ ግራም መልስበት። ይህች ማርከር ከማንኛውም የውድድር ዕቃ ሻጭ የተሻለ እውነት ትናገራለች።

ስለ ሞላ ጠይቀኸኛልና። የኋላው ትልቁ ሞላ በገበያ 1,000፣ 1,500፣ 2,000 እየተባለ በቀለም ይሸጣል። ሲጠነክር ዳገት ላይ ቺንጋው ቶሎ ወደ ኋላ እንዲመለስ ያደርጋል፣ ይሄ እውነት ነው። ነገር ግን ቺንጋውን ሁልጊዜ ጨምቆ ስለሚይዘው ያሞቀዋል፣ ጉልበትም ይበላል፤ ያንተ ሞተር ደግሞ የሚያባክነው ጉልበት የለውም። የበፊቱ ሞላ ደክሞ ካጠረ በዚያው ልክ አዲስ ግጠም፤ ሮለሩን ካስተካከልክ በኋላም ዳገት መካከል ነዳጅ ለቀህ ስትመልስ ቶሎ ካልተነሳ ባለ 1,000ውን ሞክር። ከዚያ በላይ አትሂድ። የፍሪሲዮኑን ትናንሽ ሞላዎች ማጠንከር ግን ሁለት ሰው ጭነህ ከቆመበት ዳገት ላይ ስትነሳ ሸራውን ያቃጥላል፣ ታምቡሮውን ሰማያዊ ያደርገዋል። ተወው።

የኋላ ጥርስ የሚሸጠው አብዛኛው ስኩተሩን ሜዳ ላይ ለማስረዘም ነው፤ ረጅም ጥርስ ማለት ከቆመበት ሲነሳ ደካማ መሆን ነው። በዚህ ከፍታ ላይ ሜዳም ላይ ቢሆን ያን ፍጥነት የሚደርስበት ጉልበት የለህም። አጭር ጥርስ ብታገኝ እንኳ አንዴ ከተንቀሳቀስክ በኋላ ሬሾውን የሚመርጠው ቺንጋው ስለሆነ ዳገት ላይ ብዙ ልዩነት አታይም፤ የሚረዳው ቺንጋው ጭራሽ የመጨረሻው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ወርዶም ሞተሩ ለሚታነቅበት እንደ አንኮበር ዳገት ለመሰለ ቀጥ ያለ መንገድ ብቻ ነው። የጥርሱን ዘይት ግን ቀይር፤ ማንም አያስታውሰውም፣ ቡሎኑን ስትፈታ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ከወጣ ውኃ ገብቶበታል።

ስኩተርህ በካርብራቶር የሚሠራ ከሆነ ትልቁ ትርፍ እዚያ ነው ያለው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛል፤ ካንዴላውን ፈትተህ ጥላሸት ለብሶ ካገኘኸው ይህ ነው። ዋናው ጂግለር፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚያልፍበት ባለ ቀዳዳው ቡሎን፣ ቁጥሩ 105 ከሆነ ለደብረ ብርሃን ትክክለኛው 98 አካባቢ ነው። አንተ ግን እስከ ሸዋ ሮቢት የምትወርድ ከሆነ 100 ላይ ቁም፤ በ98 ቆላ ስትወርድ ቤንዚኑ አንሶ ሞተሩ ይግላል። በኤሌክትሮኒክ የሚረጭ ከሆነ ራሱ ያስተካክላልና አትንካው። ጂግለሩን ከሮለሩ በፊት ቀይር፤ የሞተሩ ጉልበት ሳይታወቅ ሮለር መምረጥ ልኬት ሳይወስዱ ልብስ መስፋት ነው።

ፍጥነቱን በተመለከተ በቀጥታ ልመልስልህ፤ ሜዳ ላይ ከፍተኛው ፍጥነትህ አይጨምርም። ዳገቱ ላይ ግን ከ30 ወደ 40 መጠጋት ይቻላል። ነዳጁ ትንሽ ይጨምራል።

ዳገቱን ስለጠየቅኸኝ ቁልቁለቱን ሳልናገር አላልፍም። ከጣርማበር ዋሻ እስከ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው ሁለት ሺህ ሜትር ሊደርስ ምንም አይቀረው። የቺንጋ ካምቢዮ ነዳጅ ስትለቅ ሞተሩ ብዙም አይዝህም፤ ፍጥነትህ በጣም ሲወርድ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ይለቅና ስኩተሩ ነፃ ይሆናል፣ ያኔ የሚይዝህ ፍሬን ብቻ ነው። ቀላል ሮለር ዙሩን ከፍ አድርጎ ስለሚይዝ በዚህ በኩል ጥቂት ይረዳሃል፤ ግን አትመካበት። ፍሬኑን አንቀህ ይዘህ አትውረድ፤ ጫን አድርገህ ፍጥነቱን ቀንስና ልቀቅ፣ ይቀዝቅዝ፣ እንደገና ጫን። ጣርማበር ላይ ጉም ሲጥል ደግሞ፣ መቼም የሚወርድበትን ሰዓት አይናገርም፣ መብራትህን አብርተህ ቆመህ ጠብቅ። ደብረ ሲና ስትደርስ የኋላውን የፍሬን ታምቡሮ ሳትነካ እጅህን አስጠጋለት፤ ከሩቁ የሚጋረፍ ሙቀት ከተሰማህ ሻይ ጠጥተህ ነው መቀጠል ያለብህ።

ሮለሮቹን ወርቅ ቤት ካስመዘንካቸው በኋላ ሦስት ነገር ጻፍልኝ፤ የአሁኖቹ ስንት ግራም እንደሆኑ፣ ዳገቱ ላይ ቆጣሪው ስንት እንዳነበበ፣ ማርከሩም እስከ የት እንደተፋቀ። ከዚያ 10 ወይም 10 ተኩል ወይም 11 እንደሆነ በቁርጥ እነግርሃለሁ።